የማይታየውን ማንበብ፦ የነዳጅ ማጣሪያ መሐንዲሶች ስለ ካታሊስት ምን ይማራሉ?

በትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ለካታሊስት የሚሰጠው ትርጉም አጭር ነው፦ ኬሚካዊ ለውጥን ያፋጥናል፤ ራሱ ግን አያልቅም። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም። ይህን ብቻ ይዞ ነዳጅ ማጣሪያ የሚገባ ወጣት መሐንዲስ ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግር የሚለው ነገር ይገጥመዋል። በአንደኛው ክፍል አዲስ ካታሊስት በቶን እየተመዘነ በየዕለቱ ይጨመራል። በሌላው ክፍል ደግሞ ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ ካታሊስቱ በሙሉ ተጠርጎ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። አያልቅም የተባለው ነገር ለምን ይህን ያህል ይገዛል?

የካታሊስት ሥልጠና የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ማጣሪያ ሲባል የሚታየው ረጃጅም ግንብና የቧንቧ ጫካ ነው፤ ብረቱ ከቆመና ካታሊስቱ ከተገዛ ዋናው ሥራ የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ ዓይነት መሣሪያና አንድ ዓይነት ካታሊስት ያላቸው ሁለት ማጣሪያዎች፣ አንዱ ካታሊስቱን ለዓመታት ሲያሠራው ሌላው በወራት ሊያበላሸው ይችላል። ልዩነቱ ያለው በሚያስተዳድሩት ሰዎች ዕውቀት ላይ ነው።

ካታሊስት በትክክል ምንድን ነው?

በተራራ የተለያዩ ሁለት ሸለቆዎችን እናስብ። ለመሻገር እስከ ጫፉ መውጣት ግድ ከሆነ የሚሻገረው ብርቱው ብቻ ነው። ዝቅ ያለ መተላለፊያ ከተገኘ ግን ብዙዎች በትንሽ ድካም ያልፋሉ። ተራራው ለውጡ እንዲጀመር የሚጠይቀው ጉልበት ነው፤ ካታሊስት ደግሞ ዝቅተኛውን መተላለፊያ የሚከፍት ነገር ነው። ቃሉን በ1835 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርዜሊየስ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በነዳጅ ማጣሪያ ግን ከፍጥነቱ የሚበልጠው መራጭነቱ ነው። ከሸለቆው የሚወጡት መንገዶች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ወደ ቤንዚን፣ አንዱ ወደ ጋዝ፣ ሌላው ወደ ጥላሸት ይወስዳል። ጥሩ ካታሊስት የሚፈለገውን መንገድ ከፍቶ የቀሩትን እንደተዘጉ ይተዋቸዋል። ሠልጣኞች መጀመሪያ ላይ «ይህኛው ካታሊስት ምን ያህል ኃይለኛ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እየበሰሉ ሲሄዱ ጥያቄው ይለወጣል፦ «ኃይሉን የሚያውለው ለምንድን ነው?»

ለዓይን የሚማርክ ነገር አይደለም። በአንዳንዱ ክፍል የሩዝ ፍሬ የሚያክል ጠጠር ነው፤ በሌላው እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ዱቄት። ዋናው ነገር ያለው ውስጡ፣ በዓይን በማይታዩት ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነው። የአንድ ግራም ካታሊስት የቀዳዳዎች ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ ከ200 ካሬ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። ለውጡ የሚካሄደው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ከተሸፈነ ወይም ቀዳዳው ከተደፈነ ጠጠሩ እንዳለ ቢቀመጥም ካታሊስትነቱ አብቅቷል።

ያለ ካታሊስት ማጣራት አይቻልም?

ድፍድፍ ነዳጅን አፍልቶ እንደ መፍያ ሙቀቱ መለየት ይቻላል፤ ለዚህ ካታሊስት አያስፈልግም። ችግሩ፣ ማፍላት የሚለየው ያለውን ብቻ ነው። ድፍድፉ ውስጥ ያለው ቤንዚን ትንሽ፣ ከባዱ ዝቃጭ ብዙ ከሆነ ተለይቶ የሚወጣውም እንዲሁ ነው። ከባዱን ሰብሮ ቀላል ማድረግ የግድ ይሆናል።

መጀመሪያ የተሞከረው በሙቀትና በግፊት ብቻ መስበር ነበር፤ አሜሪካዊው ዊልያም በርተን በ1913 ለሥራ አብቅቶታል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ደግሞ ከባዱን ነዳጅ በካታሊስት ላይ አሳልፎ ብዙና የተሻለ ቤንዚን ማግኘት እንደሚቻል አሳየ፤ ዘዴው በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ በፋብሪካ ደረጃ ሥራ ጀመረ። የሁድሪ ካታሊስት ግን በአንድ ቦታ የተቀመጠ ስለነበር ጥላሸት ሲሸፍነው ሥራውን አቁሞ ማቃጠል ያስፈልግ ነበር። በ1942 በሉዊዚያና ግዛት፣ በባተን ሩዥ ከተማ ሥራ የጀመረው ፋብሪካ ይህን ፈታው። ካታሊስቱን አደቀቁትና በውስጡ ጋዝ እየነፉ እንደ ውኃ እንዲፈስ አደረጉት። ዱቄቱ በአንዱ ዕቃ ነዳጁን ይሰብራል፣ ጥላሸት ተሸክሞ ወደ ሁለተኛው ይፈሳል፣ እዚያ ጥላሸቱ በአየር ይቃጠልለታል፣ ነጽቶና ግሎ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ያሉ ትልልቅ ማጣሪያዎች በዚህ ዘዴ ይሠራሉ፤ በትልልቆቹ ውስጥ በየደቂቃው የሚዞረው ካታሊስት በአሥር ቶኖች የሚቆጠር ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በ1949 ሥራ ላይ የዋለውና ቭላዲሚር ሄንስል የፈለሰፈው ዘዴ ፕላቲነም ያለበት ካታሊስት ተጠቅሞ የቤንዚንን ጥራት ከፍ ያደርጋል፤ በዚያውም ሃይድሮጂን ያስገኛል። ያ ሃይድሮጂን ድኝን ከናፍጣና ከቤንዚን ለማውጣት ይውላል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2009 ጀምሮ ለመኪና በሚሸጥ ናፍጣ ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ ከሚሊዮን 10 እጅ ነው፤ በአንድ ቶን ውስጥ 10 ግራም ማለት ነው። ወደዚህ ደረጃ ያለ ካታሊስት የሚደርስ ማጣሪያ የለም።

ታዲያ «አያልቅም» የተባለው ለምን ያልቃል?

በለውጡ አያልቅም። የሚጨርሰው አብሮት የሚመጣው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ጥላሸት ነው፤ በሙያው ቋንቋ ኮክ ይባላል። ከባዱ ነዳጅ ሲሰበር የተረፈው ካርቦን ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በሚዞረው ዱቄት ዘንድ ኮክ ጠላትም ወዳጅም ነው። ነዳጁን ለመስበር የሚያስፈልገው ሙቀት የሚገኘው ከዚሁ ኮክ ቃጠሎ ስለሆነ፣ ኮኩ ሲበዛ ማቃጠያው ከልክ በላይ ይግላል፤ ሲያንስ ፋብሪካው ይቀዘቅዛል። ሠልጣኞች ረጅም ጊዜ የሚወስዱት ይህን ሚዛን በማስላት ነው፤ ይገባልም። አንዱን ነገር ሲነኩ ሌሎች ሦስት ነገሮች እንደሚንቀሳቀሱ ከዚህ ስሌት የተሻለ የሚያስተምር የለም።

ሁለተኛው መርዝ ነው። ቃሉ ዘይቤ ሳይሆን የሙያው መደበኛ ስም ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ኒኬልና ቫናዲየም የሚባሉ ብረቶች ይዞ ይመጣል። ኒኬል ካታሊስቱ ላይ ተቀምጦ የራሱን ያልተፈለገ ሥራ ይጀምራል፤ ሃይድሮጂንና ኮክ ያበዛል። ቫናዲየም ይብሳል፤ በግለትና በእንፋሎት ውስጥ የካታሊስቱን ዋና አካል፣ ዜዮላይት የሚባለውን ማዕድን ያፈርሳል። በየዕለቱ አዲስ ዱቄት የሚጨመረው በዋናነት ይህን ጉዳት ለማካካስ ነው። ለፕላቲነሙ ካታሊስት ደግሞ ድኝ ራሱ መርዝ ነው። ስለዚህ ድኝ የሚያወጣው ክፍል አንድ ቀን ሥራውን ቢያጓድል፣ ጉዳቱ የሚታየው በእርሱ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ከልክ ያለፈ ሙቀት ካታሊስቱ ላይ በደቃቁ የተበተኑትን የብረት ቅንጣቶች አንድ ላይ ያቀልጣቸዋል፤ የሚሠራው ገጽታ ይቀንሳል። ኮክን ማቃጠል ይቻላል፤ በሙቀት የተበላሸ ካታሊስት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ድኝ በሚያወጣው ክፍል የካታሊስት እርጅና ቢላዋ እንደመደነዝ ነው። ቢላዋው ሲደነዝ ሥጋው እንዲቆረጥ እጃችንን ጠበቅ እናደርጋለን። መሐንዲሱም ምርቱ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀጥል ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ከወራት በኋላ እንደገና። መጨረሻ ላይ ብረቱ የሚችለው የሙቀት ወሰን ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ካታሊስቱን መለወጥ ነው እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

መሐንዲሱ ካታሊስቱን ካላየው ምኑን ነው የሚያነበው?

ካታሊስቱ ያለው በወፍራም ብረት በተሠራ፣ በመቶዎች ዲግሪ በጋለና በግፊት በታፈነ ዕቃ ውስጥ ነው። ለዓመታት ማንም አይከፍተውም። መሐንዲሱ ሆድ መክፈት እንደማይችል ሐኪም ነው፤ ትኩሳት ይለካል፣ ግፊት ይለካል፣ የወጣውን ይመረምራል፣ ከዚያ ውስጡን ይገምታል። የሥልጠናው እምብርት፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ግምት ነው። ኬሚስትሪውን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ የቁጥሮችን ትርጉም መለየት ግን ልምድ ካለው ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚገኝ ነው።

ለምሳሌ ካታሊስቱ በተደረደረበት ዕቃ መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ቀስ በቀስ ቢያድግ፣ ላይኛው ሽፋን በዝገት ወይም በደለል እየተደፈነ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሳይለወጥ በአንድ ከፍታ ላይ ያሉ ሁለት ቴርሞሜትሮች የተራራቀ ሙቀት ቢያሳዩ ነገሩ ሌላ ነው። ደረቅ አፈር ላይ ውኃ ሲፈስ አንድ ቦይ ቀድዶ ይሄድና ዳርና ዳሩ ደረቅ ይቀራል፤ ነዳጁም ካታሊስቱ በትክክል ካልተደረደረ እንዲሁ ቦይ ይቀድዳል። ግማሹ ካታሊስት ያለ ሥራ ተቀምጦ፣ የቀረው የሁሉን ሸክም ተሸክሞ ቶሎ ያረጃል። ይህን ስሕተት የሠራው ምናልባት ከሁለት ዓመት በፊት ካታሊስቱን ሲሞላ የቸኮለ ቡድን ነው። ጥራት ያለው ሥልጠና ለአሞላሉ ሰፊ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ጀማሪ ሁሉ ይወድቅበታል። ምርቱን ንጹሕ ለማድረግ ካለፈው ወር የበለጠ ሙቀት ካስፈለገ፣ «ካታሊስቱ ደክሟል» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ምናልባት ግን የገባው ነዳጅ ከበድ ያለና ድኝ የበዛበት ይሆናል፤ ምናልባትም የሃይድሮጂኑ ንጽሕና ወርዷል። ስለዚህ ሠልጣኙ የሚማረው የየቀኑን ሙቀት ወደ አንድ ዓይነት ነዳጅና አንድ ዓይነት ፍሰት መልሶ ማስላትን ነው። ይህ ከተደረገ በኋላ የሚቀረው ጭማሪ ብቻ የካታሊስቱ ድካም ነው። ይህን ስሌት የዘለለ ሰው ገና አገልግሎት ያለውን ካታሊስት ያስጥላል፤ ወይም የሞተውን ይዞ ይቆያል።

በሚዞረው ዱቄት ዘንድ ነገሩ ትንሽ ይቀልላል፤ ናሙና ይወጣል። ላቦራቶሪው የናሙናውን ኒኬል፣ ቫናዲየም፣ ሶዲየምና የቀረ ኃይል ይለካል። ከፋብሪካው በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ሃይድሮጂን ከጨመረና በናሙናው ላይ ኒኬል ከጨመረ ሁለቱ ምስክሮች ተስማምተዋል ማለት ነው። ሃይድሮጂኑ ጨምሮ ኒኬሉ ባለበት ከሆነ ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጣል?

መሠረቱ በክፍል ውስጥ ይጣላል፤ የለውጥ ፍጥነት፣ የሙቀት ሚዛን፣ የካታሊስት አሠራር። ከዚያ በእውነተኛ ፋብሪካዎች የተመዘገበ መረጃ ይቀርብና ሠልጣኞች በቡድን ሆነው ምርመራ ያካሂዳሉ። አሰልጣኙ መልሱን ያውቃል፤ ወዲያው ግን አይናገርም። ሲሙሌተር የሚባለው፣ የፋብሪካውን ባሕርይ የሚያስመስል የኮምፒውተር ፕሮግራምም አለ። ልክ አብራሪዎች አውሮፕላን ሳይነኩ የሞተር ብልሽትን እንደሚለማመዱበት፣ መሐንዲሶችና የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኞችም ሙቀት ከቁጥጥር ሲወጣ ምን እንደሚያደርጉ ይለማመዱበታል።

ከሥልጠናው ብዙው የሚሰጠው በካታሊስት አምራች ኩባንያዎች ነው። ዕውቀታቸው ጥልቅ ነው፤ በብዙ ማጣሪያዎች ያዩትን አንድ ማጣሪያ ብቻውን ሊያየው አይችልም። ሆኖም ሻጭ ናቸው። ካታሊስት የሚገዛ ማጣሪያ የሁለት አምራቾችን ካታሊስት በራሱ ነዳጅ፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ፣ በትንሽ የሙከራ መሣሪያ የሚያወዳድርና ውጤቱን ራሱ የሚተረጉም መሐንዲስ ያስፈልገዋል። ይህን ያላስተማረ ሥልጠና ምንም ያህል ቢያምር ጎዶሎ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር በዚህ ልጥቀስ። ድኝ የሚያወጣው ካታሊስት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራሱ ድኝ መመገብ አለበት። ከፋብሪካ ሲመጣ በላዩ ያሉት ኮባልትና ሞሊብደነም የሚባሉት ብረቶች ከኦክስጅን ጋር የተጣመሩ ናቸው፤ የሚሠሩት ግን ከድኝ ጋር ሲጣመሩ ነው። ይህ ምግብ በትክክለኛው የሙቀት ቅደም ተከተል፣ ሳይጣደፉ ይሰጣል። ድኙ ሳይደርሰው በጋለ ሃይድሮጂን ብቻ ከተመታ ከኃይሉ የተወሰነው ለዘለቄታው ይጠፋል። ለዓመታት የተገዛ ካታሊስት በሰዓታት ስሕተት ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። የሥራ ማስጀመሪያው ሌሊት ልምድ ያላቸው መሐንዲሶች ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ የማይጠፉት ለዚህ ነው።

ስሕተቱ የሰው ሕይወት ሲያስከፍል

ከካታሊስት ጋር የተያያዙ ለውጦች አንዳንዶቹ ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉ። ሙቀቱ ለውጡን ያፈጥናል፤ የፈጠነው ለውጥ ተጨማሪ ሙቀት ያመጣል። በ1997 ጥር ወር በካሊፎርኒያ፣ በማርቲኔዝ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ ማጣሪያ የሆነው ይህ ነው። ከባድ ነዳጅን በሃይድሮጂን በሚሰብረው ክፍል ሙቀቱ ከቁጥጥር ወጣ፤ ቧንቧ ፈነዳ። አንድ ሠራተኛ ሞተ፤ 46 ሰዎች ተጎዱ። ሙቀቱ የተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግፊቱን ወዲያው መልቀቅ የሚያዝ መመሪያ ነበር። ሠራተኞቹ ግን የተምታቱ የሙቀት ንባቦች ይደርሷቸው ስለነበር የትኛውን እንደሚያምኑ ግራ ተጋብተው ነበር። የሞተው ሠራተኛ የሙቀት ንባብ ለማየት ወደ ውጭ የወጣው ነበር።

በ2018 ሚያዝያ በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሱፒሪየር ከተማ የደረሰው ፍንዳታ ሌላ ገጽታ ያሳያል። በሚዞረው ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የካታሊስቱ ክምር ራሱ እንደ ግድብ ሆኖ ማቃጠያው ያለውን አየር ነዳጁ ካለበት ክፍል ይለያል። ለጥገና ሥራው ሲቆም ያረጀ ቫልቭ ካታሊስቱን መያዝ አቃተው፤ ግድቡ ተናደ፤ አየር ወደ ነዳጁ አለፈ። 36 ሰዎች ሕክምና ፈለጉ። ይህን አደጋ በሥልጠና የሰማ ሰው ካታሊስትን ከዚያ በኋላ ለውጥ አፋጣኝ ብቻ አድርጎ አያየውም።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን በ2005 ኅዳር ወር በደላዌር ከተማ ማጣሪያ የደረሰው ነው። ያገለገለ ካታሊስት አየር ሲነካው ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ስለሚችል፣ ሲለወጥ ዕቃው በናይትሮጂን ይሞላል። ናይትሮጂን አይሸትም፣ አይታይም፣ የመታፈን ስሜትም አይሰጥም፤ ኦክስጅን በሌለበት አንድ ሁለት ጊዜ መተንፈስ ራስን ለመሳት ይበቃል። በዚያ ሌሊት ወደ ዕቃው ውስጥ አንድ ጥቅል ማጣበቂያ ፕላስተር ወድቆ ነበር። አንድ ሠራተኛ ያን ለማውጣት ሲሞክር ሳይሆን አይቀርም፣ ውስጥ ገብቶ ወደቀ። ሁለተኛው ሊያድነው ተከትሎ ገባ። ሁለቱም ሞቱ።

ዕቃው ሲከፈት

ለዓመታት ቁጥር ብቻ ሲያነብ የቆየ መሐንዲስ ካታሊስቱን በእጁ የሚይዝበት ቀን ይመጣል። ዕቃው ቀዝቅዞ፣ ነዳጁ ተጠርጎ፣ ባለሙያዎች በመተንፈሻ መሣሪያ ከላይ እስከ ታች ካታሊስቱን ያወጣሉ። ሥርዓት ባለው ቦታ ከየጥልቀቱ ናሙና ይወሰዳል፤ ጥልቀቱ በየዕቃው ላይ ይጻፋል። ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቆ መጣል ለዓመታት የተጻፈን መዝገብ ሳያነቡ እንደማቃጠል ነው፤ ግን በጥድፊያ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው።

በላቦራቶሪ ጠጠሩ ለሁለት ይቆረጥና በአጉሊ መነጽር ይታያል። ከባድ ዝቃጭ ያጣራ ከሆነ ቫናዲየሙ ዳሩ ላይ እንደ ቅርፊት ተጋግሮ፣ ኒኬሉ ግን ወደ መሐሉ ጠልቆ ይገኛል። ጎበዝ አሰልጣኝ ዕቃው ከመከፈቱ በፊት ሠልጣኙን አንድ ነገር ያስጽፈዋል፦ ከላይ ምን ያህል ቅርፊት እንደሚጠብቅ፣ ነዳጁ በየትኛው በኩል ቦይ እንደቀደደ፣ የትኛው መርዝ በየትኛው ጥልቀት እንደቆመ። ወረቀቱ ይታሸጋል። ውጤቱ ከላቦራቶሪ ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል፤ ሠልጣኙ የተሳሳተባቸውን መስመሮች እያሰመረ አዲሱን ካታሊስት ለመሙላት የሚዘጋጀውን መመሪያ ያርማል።